ሳፋ ያለበት ፓኮ

ስምንት ዓመት ሙሉ የተሰበረ ብስኩት በላሁ። ካርቱም ያለው ኩባንያችን የማይሠራው ነገር የለም፤ ሻይ፣ መኮሮኒ፣ ብስኩት፣ የገላ ሳሙና፣ ዘፋፍ የሚባል የዱቄት ሳሙና። ኢድ ሲደርስ ለሠራተኛው ሁሉ ከየዓይነቱ በፌስታል ይታደላል። አለቃው ኡስታዝ ሙስዐብ ለቢሮ ሰዎች ደህና ደህናውን ይመርጥላቸዋል። እኔ ጋ ሲደርስ፣ «ለገብረየስ ከተሰበረው ስጡት፤ ሆዱ ውስጥ ሲገባ ያው ነው» ይላል። ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሥራዬ ሸክም ነው። ትምህርቴም ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ቂም መያዝን ግን ማንም አላስተማረኝም።

በሁለት ሺህ አንድ ዘፋፍ መሸጥ አቆመ። ጭነን የላክነው በሳምንቱ ተመልሶ ያንኑ ትከሻችንን ይፈልጋል። ዋናው ሻጭ ዳውድ ክራቫቱን እያስተካከለ፣ «ዋጋው ነው» አለ፤ ቀነሱ። «ማስታወቂያው ነው» አለ፤ በሬዲዮ አስለፈፉ። ምንም። በመጨረሻ ኡስታዝ ሙስዐብ ሰበሰበንና፣ «እስከ ኢድ ካልተሸጠ ዘፋፍ ይዘጋል። የዘፋፍ ተሸካሚዎች፣ ሰባታችሁም ትሰናበታላችሁ» አለን።

ጁምዓ ለት ጀሪፍ በሚባለው ሰፈሬ ጎረቤቴ የሆነችው ሀኒፋ ልትጠይቀኝ መጣች። የወሎ ልጅ ናት፤ ካርቱም ሁለት የሚባለው የሀብታም ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። ከተመለሰው ዘፋፍ አንድ ፓኮ ልስጣት ብል እጇን ሰበሰበች።

«ጋሼ፣ ምን አደረግሁህ? እጄን ልታስልጠኝ ነው?»

«ሳሙና እኮ ነው የሰጠሁሽ!»

«የማሽን ሳሙና። አታየውም?» ፓኮው ላይ የተሳለውን የልብስ ማጠቢያ ማሽን በጣቷ መታች። «የኛ ማዳም ማሽን የላትም። ማሽኗ እኔ ነኝ።»

«እጅ ይልጣል ያለሽ ማነው?»

«ስዕሉ ነዋ! ሁላችንም ተነጋግረናል። የድሮው ላይ ሳፋና እጅ ነበረ፤ እሱን ነበር የምንገዛው። ማዳም ብሩን ትሰጣለች እንጂ ስለ ሳሙና ምን ታውቃለች?»

እንደ መብረቅ ገባኝ። ዱቄቱ ያው ነው፤ ለማሳመር ብለው የቀየሩት ፓኮውን ብቻ ነው። ዐረብኛ የማታነብ ሴት ስዕሉን ታነባለች፤ ይሄንን ክራቫት ያሰረው ሁሉ አላወቀም።

ቅዳሜ ኡስታዝ ሙስዐብና ዳውድ ያሉበት ቢሮ በር ላይ ቆምኩ። ግባ ያለኝ የለም። እዚያው ቆሜ ነገርኳቸው።

ዳውድ ሳቀ። «ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ የቀጠርንህ ለጀርባህ ነው።»

«ስምንት ዓመት ሰማሁህ፤ ዛሬ ስማኝ» አልኩት። «መጋዘን ውስጥ ከመኮሮኒው ኋላ የድሮው ፓኮ ባዶውን ተከምሯል። የዛሬውን ዱቄት በሠላሳ የድሮ ፓኮ እንሙላ። ካርቱም ሁለት ሳዲቅ ሱቅ ከአዲሱ ሠላሳ ጋር ጎን ለጎን ይደርደር። ካልተሸጠ ኢድን አልጠብቅም፤ ያን ለት እሄዳለሁ።»

ኡስታዝ ሙስዐብ ትከሻውን ነቀነቀ። «ያላ፣ ይሞከር። ቢያንስ የአንድ ሰው ደመወዝ እናተርፋለን።»

ሰኞ ጠዋት ደረደርን። ለሀኒፋ ትንፍሽ አላልኩም። እኔ በአንድ በኩል፣ ዳውድ በሌላው ቆምን። መጀመሪያ የገባችው ሴት መደርደሪያውን አየችና፣ «አልሐምዱሊላህ! የእጁ ተመልሷል!» ብላ ጮኸች። ሦስት ገዝታ ወጣች። ወሬው ከቤት ቤት ሮጠ መሰለኝ፣ በሩ ላይ ሰልፍ ሆነ። የዙህር፣ የቀትሩ አዛን ሳይል ሠላሳው አለቀ።

ኡስታዝ ሙስዐብ መጥቶ ባዶውን መደርደሪያ ሲያይ ዳውድ ቀደመው። «ከአዲሱም ሁለት ተሽጧል!»

ባለሱቁ ሳዲቅ ቀና አለ። «ወላሂ፣ ሁለቱንም የገዛኸው አንተው ነህ።»

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። እኔ አልሳቅሁም፤ ዝም ብዬ አጣጣምኩት።

ዘፋፍ አልተዘጋም። ጓደኞቼ ከነሥራቸው ቀሩ፣ ሳፋው ወደ ፓኮው ተመለሰ፣ እኔም ከሸክም ወጥቼ የካርቱም ሁለት ሻጭ ተባልኩ። ኢድ ሲደርስ ኡስታዝ ሙስዐብ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ፌስታሉን ዘረጋልኝ።

«መብሩክ፣ ያ ገብረየስ።»

ተቀብዬ አልሄድኩም። ብስኩቱን አወጣሁ፤ ጆሮዬ ጋ አድርጌ ነቀነቅሁት። ውስጡ ስብርባሪው ሽክ ሽክ አለ። መለስኩለት።

ኡስታዝ ሙስዐብ አየኝ፣ ሰዉን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከሳጥኑ ሌላ አነሳና በገዛ ጆሮው ነቀነቀው። አስቀመጠው። ሌላ አነሳ፣ ነቀነቀ።

«ይሄኛው ደህና ነው» አለና በሁለት እጁ ሰጠኝ።