ቀን የሌለው የጥሪ ካርድ

የሰውን ሁሉ የሠርግ ካርድ በእጇ ስትሠራ የኖረችው ሙሽራ የራሷ ተራ ሲደርስ ያደረጋት ነገር የጤና አይመስልም ነበር። ቁርጥራጭ ወረቀቱን ራሷ ነከረች፣ ራሷ ደቆሰች፣ ድቁሱን በወንፊት እያነሳች አዲስ ወረቀት አድርጋ አደረቀች። ጠርዙን መቀስ አላስነካችውም፤ በእርጥብ ብሩሽ እያሰመረች በጣቷ ቀደደችው፣ እንደ ላባ እንዲለሰልስ። ከዚያ የጥሪውን ቃል በቀጭን ብዕር ጻፈችበትና በሰማያዊ ክር ሰፋችው። ሊያግዛት የመጣው እጮኛዋ ሙጫውን ሱሪው ላይ ስለደፋው «አንተ ብቻ በቀኑ ተገኝልኝ!» ተብሎ ተባረረ።

ሙያውን ያስተማረቻት አክስቷ ናት፤ እቴቴ። ልጅቷ የራሷን ሱቅ የከፈተች ጊዜ ግን እቴቴ «እኔ ያሠለጠንኩት እጅ እኔኑ ገፋኝ» ብላ አኮረፈች፤ ኩርፊያውም እየከረመ ደነደነ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ቢሞላና እቴቴ ብትቀር፣ ለሙሽራዋ አዳራሹ ባዶ ነው። ለእሷ የሚሄደውን ካርድ ሦስቴ ሠርታ ሦስቴ አፍርሳዋለች።

ያሳደጋት አጎቷ ጋሼ ካርዶቹን በካርቶን ታቅፎ ቤት ለቤት አደለ። እቴቴ በኩርፊያዋ አልከፍትም ስትለው በበሩ ሥር አስገባላት። ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰና «ያላደነቀ ሰው የለም! እኔ የሠራሁት እየመሰላቸው እኔንም አደነቁኝ» አለ።

ሙሽራዋ በደስታ ለራሷ ያስቀረችውን ካርድ አንስታ ሳመችው፣ ገልጣም አየችው። ክው አለች።

«ጋሼ... ቀኑስ?»

«የምን ቀን?»

«የሠርጉ ቀን! ሁሉም ላይ አልተጻፈም!»

ነገሩ እንዲህ ነው። እቴቴ ዘንድ ካርድ ሲሠራ የቀኑ መስመር ሁልጊዜ ባዶ ይተዋል። «ቀኑን የሚጽፈው ባለ ድግሱ ነው፤ እኛ እዚያ ውስጥ እጃችንን አናስገባም» የሚል ሕግ ነበራት። ደንበኞቹ ካርዱን ይወስዱና ቤተሰብ ተሰብስቦ በገዛ እጁ ይሞላዋል። ሙሽራዋም ከልማድ ብዛት መስመሩን ባዶ ትታው ወጣች፤ የዚህኛው ድግስ ባለቤት እሷው ራሷ መሆኗን ረስታ።

ጋሼ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ሳቁ አመለጠው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! በይ ብዕርሽን ያዢና ተነሽ። እግዜር እንደሆነ ሳይደግስ አይጣላም።»

ወጡ። ፎቅ ወጡ፣ ፎቅ ወረዱ። ዳቦ ጋጋሪው በዱቄት እጁ ካርዱን አመጣና «እኔማ ሐሳቤን ብቀይርስ ብለሽ ቦታ የተውሽ መስሎኝ!» አላት። ጥርስ ሐኪሟ በሽተኛውን አፉን እንደከፈተ ትታው ወጣች። ሙሽራዋ ካርዱን ግድግዳ ላይ፣ ግድግዳ ሲጠፋም የጋሼ ጀርባ ላይ እያስደገፈች፣ ሳቋ እየቀደማት ቀኑን ጻፈች። ካርድ ስትሠራ ዓመታት ኖራለች፤ ካርዱን የተቀበለ ሰው ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ግን እስከዚያ ቀን አይታ አታውቅም ነበር። እግሯ መሬት አልነካ አለ።

የእቴቴ ደጅ ሲደርሱ ሳቋ ጠፋ። ጋሼ «እኔን ካየች አትከፍትም» ብሎ ደረጃው ላይ ቀረ። ሙሽራዋ አንኳኳች። በሩ ተከፈተ፤ እቴቴ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቆማለች።

«እቴቴ፣ ካርዱ ደርሶሻል? ቀኑን ረስቼው... ልጽፍልሽ ነው የመጣሁት።»

እቴቴ ወደ ውስጥ ገባችና ካርዱን ይዛ ተመለሰች። መስመሩ ተሞልቷል። ሙሽራዋ ልጅ ሆና ስትኮርጀው በኖረችው በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት፣ ቀኑ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል።

«ከየት አወቅሽው?»

«አማትሽን ገበያ አግኝቼ ጠየቅኋት።»

«ታዲያ እስክመጣ አትጠብቂኝም ነበር?»

«ቀኑን የሚጽፈው ማነው ብዬ ነው ያስተማርኩሽ?»

«ባለ ድ...»

ቃሉን አልጨረሰችውም። የእቴቴ አንገት ላይ ተጠምጥማ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

«በቃ፣ በቃ። ካርዱን አታርጥቢብኝ» አለች እቴቴ፣ የራሷን ዐይን በክንዷ እየጠረገች። ከዚያ መነጽሯን ወደ ዐይኗ አወረደችና «ስንት ቤት ቀራችሁ?» ብላ ጠየቀች። መልሱንም አልጠበቀችም፤ ብዕሯን ከጠረጴዛው አንስታ በሩን ቆለፈችና ጋሼን አልፋው ደረጃውን ወረደች።