የአስካለ ማርያም አንድ ዓይን

ሰው ዕድሜውን ሙሉ በጠበቀው ሕግ ሌላውን ሊዳኝ በተነሣ ጊዜ፣ አስቀድሞ ያ ሕግ ራሱን በየት በኩል እንደሚያገኘው መመርመር ይገባው ነበር፤ ዳሩ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ምርመራ ወድዶ የሚጀምር ጠቢብ እኔም አላየሁም፣ አንተም ያየህ አይመስለኝም። አለቃ ንዋየ ክርስቶስም፣ ምንም እንኳ በጋይንት አድባራት ግድግዳ ላይ አርባ ዘመን ሥዕለ ቅዱሳንን የሣሉ፣ ብሩሻቸው የተባረከ፣ ስማቸው የተከበረ ሊቅ ቢሆኑ፣ ከዚህ ድካመ ሥጋ አልተረፉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአባቶች የሥዕል ሥርዓት ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ይሁዳና አጋንንት፣ ከሐዲና ወንበዴ ግን ፊታቸውን ወደ ጎን መልሰው በአንድ ዓይን ብቻ ይሣላሉ። ይህን ሕግ ከእግራቸው ሥር ተምራ ያደገችው አንዲት ልጃቸው ጸዳለ ባሕር ተሻግራ፣ በኦስትሪያ ምድር ያረጁ ሥዕሎችን የማደስ ጥበብ ቀስማ፣ በዚያው ሥራ ይዛ ተቀመጠች፤ እናቷ ወይዘሮ አስካለ ማርያም ባረፉ ጊዜም ለሙት ዓመታቸው መታሰቢያ መልካቸውን ሥላ ለአባቷ ላከች። አለቃ ጥቅሉን ፈትተው ቢመለከቱ፣ ያቺ ደግ፣ ያቺ ጾመኛ፣ ሠላሳ ስድስት ዘመን በትዕግሥት አብራቸው የኖረች ሚስታቸው በአንድ ዓይን ተሥላለች! «እናቷን ከይሁዳ ጋር ደመረቻት» ብለው ሦስት ዓመት ሙሉ ለደብዳቤዋ መልስ ነፈጓት፣ ድምፅዋንም አልሰማም አሉ። በመጨረሻ የንስሐ አባታቸው «ከልጅዎ ሳይታረቁ ቁርባን የለም» ቢሏቸው፣ ሁለተኛውን ዓይን ብትጨምር ሊታረቁ፣ እምቢ ብትል ግን ያለ ቁርባን መሞትን ሊመርጡ ቆርጠው፣ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ሥዕሉን በብብታቸው ይዘው በአውሮፕላን ተነሡ።

ጸዳለም ወደ ሥራ ቦታዋ ወሰደቻቸው፤ ይኸውም ባሮክ በሚሉት ሥነ ሕንፃ የታነጸ፣ በወርቅ ቅብ የተሸለመ፣ ቀድሞ የአንድ መስፍን መኖሪያ የነበረ፣ ዛሬ ግን ትኬት የቆረጠ ሁሉ የሚገባበት የሥዕል ሙዚየም የሆነ ቤተ መንግሥት ነው። አለቃ ጫማቸውን በደጃፉ ሊያወልቁ ጎንበስ ቢሉ ዘበኛው በአክብሮት ከለከላቸው፤ በጣሪያው የሚበርሩትን ወፋፍራም መላእክት አይተውም «እነዚህስ የዐቢይ ጾምን ወሬ አልሰሙም» አሉ። የመስፍኑ እናትና እኅቶች፣ አክስቶችና ምራቶች ወደተሰቀሉበት አዳራሽ ሲገቡ ግን ቀልዱ ጠፋ፤ እያንዳንዷ እመቤት በጎን ተሥላ አንድ ዓይኗን ብቻ ታሳያለችና። አለቃ ደንግጠው አማተቡ።

«ልጄ፣ ወገኖቹን ሁሉ ለገሃነም የሰጠ ይህ መስፍን ምን ዓይነት ጨካኝ ነው?»

«ጨካኝስ አልነበረም፣ አባባ፤ በዚህ አገር የሚወዱትንም ሰው በጎኑ ይሥሉታል።»

«የአገሩን ለአገሩ ተዪው። አንቺ ግን ሕጉን ታውቂ ነበር» አሉና ሥዕሉን አውጥተው ዘረጉት። «በይ፣ ሁለተኛውን ዓይን ጨምሪላት።»

«ያላየሁትን መሣል አልችልም፣ አባባ» አለች ጸዳለ። «እርስዎ ከደብር ወደ ደብር ሲዞሩ፣ ለአንዱ ሁለት ዓመት፣ ለሌላው ሦስት ዓመት ሲቀመጡ፣ እኔ ከእማዬ ጎን ሆኜ ጥጥ እፈለቅቅ ነበር። እርሷ እየፈተለች ፊቷን ከበሩ አትመልስም፤ በሁለቱም ዓይኗ የምትጠብቀው እርስዎን ነበር። ለእኔ የደረሰኝ ይኸው ጎኗ ነው።»

አለቃ ያን በር ያውቁታል፤ በገቡ ቁጥር ቀና ብላ ስትጠብቃቸው ያገኟት ነበር፤ እንዲያ ቀና ብላ ስንት ቀን እንደሰነበተች ግን አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቀው አያውቁም። በዚያ በወርቅ አዳራሽ መካከል፣ የባዕድ አገር ጎብኚ እያያቸው፣ ሳይሸሽጉ አለቀሱ። ከዚያም ሥዕሉን ለልጃቸው መለሱላት።

«ዓይኗን ተዪው። በሩን ግን ሣዪልኝ፤ እኔንም በበሩ ስገባ ሣዪኝ። በአንድ ዓይን አድርጊኝ፣ የሚገባኝ እርሱ ነው።»

ጸዳለም በሩን ሣለች፣ አባቷንም በበሩ አቆመቻቸው፤ በዓይናቸው ነገር ብቻ አልታዘዘቻቸውም፤ በደሉን ያየ ሰው በአንድ ዓይን አይሣልምና።