የዳነችው ሹፌር

ዶክተሩ የአንጀት ሐኪም ሊሆን ነው የተባለ ጊዜ አማቱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ ልብ አለ፣ ዓይን አለ፣ ጭንቅላት አለ፤ ከሰው ገላ ሁሉ መርጦ መርጦ እዚያ ገባ ብለው ነበር። ቤተሰቡ በሳቅ ሞተ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ሲቀልዱበት አይወድም፣ ሲያመሰግኑት አይጠግብም። ከዚያ ወዲያ ዕድሜውን ሙሉ የሰው አንጀት ውስጥ ሲመለከት ኖረ። ያጠናው የሰው ገላ በራሱ ላይ ተነስቶ የገዛ አንጀቱን የሚያቆስልበትን ክፉ በሽታ ነው። በሽተኛው ሲበላ ይፈራል፣ መንገድ ሲወጣ ይፈራል፣ እንግዳ ቤት ሲገባ መጀመሪያ በዓይኑ የሚፈልገው ሽንት ቤቱን ነው። እንዲህ ላለው ሰው መድኃኒት ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም፣ እውነቱ ይነገር።

መድኃኒቱንም አገኘ። የቀረው ማረጋገጥ ነበር። ጥናቱ ውስጥ የገባ በሽተኛ ሁሉ መድኃኒቱን ሲጨርስ፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቱቦ በመቀመጫው ገብቶ የቁስሉ መዳን በዓይን መታየት አለበት። ለዚህ ለመጨረሻው ምርመራ ያልመጣ ሰው ደግሞ ቢድንም ባይድንም «አልዳነም» ተብሎ ይቆጠራል። ይህን ደንብ የጻፈው ማን መሰላችሁ? ራሱ ዶክተሩ። ጥብቅ ሰው ነው መባል ያምረው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የስታቲስቲክስ ባለሙያው ቢሮው መጣና፣ ወንበር እንኳ ሳይስብ፣ ውጤቱ ለጥቂት እንዳልሞላ ነገረው። አንዲት በሽተኛ ለመጨረሻው ምርመራ አልመጣችም። እሷ መጥታ ድና ከተገኘች መድኃኒቱ ሠራ ይባላል፣ ዶክተሩም ሲመኘው የኖረውን ፕሮፌሰርነት ያገኛል፤ ካልመጣች ያ ሁሉ ልፋት ውኃ በላው። ማን ናት ቢለው፣ ሹፌሯ ናት አለው።

ሹፌሯን በደንብ ያውቃታል። የከተማ አውቶቡስ ነበር የምትነዳው። በሽታው ሲጠናባት፣ ሙሉ ተሳፋሪ ጭና መኪና በተቆላለፈበት መንገድ መሃል፣ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ያመለጣት ቀን አለ። ተሳፋሪው አፍንጫውን ይዞ ወረደ፤ አንዱ ባለጌማ ስልኩን አውጥቶ ቀረጻት። ከዚያ በኋላ መሪ አልጨበጠችም። ቤት ተቀምጣ ባሏን ስትሸሽ፣ ልጇን ስትሸሽ ከረመች። መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ ግን ፊቷ ተመለሰ፣ ሥጋዋ ተመለሰ፣ ሥራዋም ተመለሰላት። የጥናቱ ነርስ ለመጨረሻው ምርመራ ደጋግማ ስትደውልላት፣ እኔ ድኛለሁ፣ የማያመኝን ሆድ ለምን ትጎረጉሩታላችሁ እያለች በሳቅ ስልኩን ትዘጋለች። ምን አጠፋች? መብቷ ነው።

ዶክተሩ እስከዚያ ቀን ድረስ በሽተኛ ለምኖ አያውቅም፤ የሚለመን ሰው ነበር። በማግስቱ መኪናውን ጥሎ ፌርማታ ላይ ተሰለፈና የሷን አውቶቡስ ጠብቆ ገባ። ስታየው በደስታ የምትሆነው ጠፋት። ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ፣ እኚህን ሰውዬ እዩልኝ፣ መልሰው ለዚህ መሪ ያበቁኝ እሳቸው ናቸው አለች። ከፊት የተቀመጡ እናት መረቁት። እሱም ብረቱን ይዞ አጠገቧ ቆመና፣ አውቶቡሱ በታጠፈ ቁጥር እየተንገዳገደ ጉዳዩን ማስረዳት ጀመረ። ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል እስከ መጨረሻው ሰማችው። የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰው ሁሉ ሲወርድ ሞተሩን አጥፍታ ወደ እሱ ዞረች።

«ዶክተር፣ ይሄ ነገር ለኔ ነው ወይስ ለእርስዎ?»

እዚህ ላይ እውነቱን ቢነግራት ምን ነበረበት? ለራሴ ነው፣ ካልፈለግሽ ተይው ቢላት ምን ይቀንስበት ነበር? እሱ ግን በሽተኛ ፊት የሚያደርጋትን ያችን የተከበረች ፊቱን አደረገና፣

«ላንቺ ነው እንጂ» አላት። «በዚህ ሳምንት ካልታየሽ፣ ውስጥ ለውስጥ የቀረ ቁስል ኋላ ካንሰር ይሆናል።»

ካንሰር የሚለውን ቃል ሆን ብሎ ነው የጣለባት። በሽታው ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ መቻሉ እውነት ነው፤ ያን ሳምንት ካልታየሽ ብሎ ማስፈራራቱ ግን ዓይን ያወጣ ውሸት ነበር። ሹፌሯም፣ የዕረፍት ቀኔ ማክሰኞ ነው አለችው።

ምርመራውን ማንንም ሳያስነካ ራሱ ሠራው። ስክሪኑ ላይ የታየው አንጀት፣ ምን ልበላችሁ፣ ውብ ነበር። ድሮ ሲነኩት ይደማ የነበረው ግድግዳ እንደ ሕፃን ድድ ለስልሶ ወዝቷል። ነርሷ ሳይቀር ጎሽ አለች። የሚፈለገው ፎቶ ሁሉ ተነስቷል፤ እዚያ ላይ ቢያቆም በቂ ነበር። ሹፌሯም በማደንዘዣው ውስጥ ሆና ማቃሰት ጀምራለች። ነርሷ ቀስ ብላ፣ ይብቃን ይሆን ብትለው እንዳልሰማ ሆነ። ፎቶውን የሚመዝኑት ሰዎች እንከን እንዳያወጡለት የመጨረሻዋን መታጠፊያም ፈለጋት። ገፋ። የድሮ ቁስል ያሳሳው ቦታ ነበርና ተበሳ።

በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቧት። የአንጀቷ ቆሻሻ ሆዷ ውስጥ ስለተረጨ ትልቁ አንጀቷ ተቆርጦ ወጣ። ከእንግዲህ ሰገራዋ እምብርቷ አጠገብ በተከፈተ ቀዳዳ ወደ ከረጢት ነው የሚወርደው። ቀዶ ሐኪሙ የቆረጠውን አገላብጦ ሲያይ ቆይቶ፣ ከቀዳዳው በቀር እንዲህ ጤነኛ የሆነ አንጀት አውጥቼ አላውቅም አለ። ይህን ያለው ባሏ ባለበት ነው።

ዶክተሩ ቢሮውን ዘግቶ አለቀሰ። አዎ አልቅሷል፣ አልዋሽበትም። ዕንባውን ሳይጠርግ የስታቲስቲክስ ባለሙያው ደወለ። በደረሰው ነገር ማዘኑን ተናግሮ ሲያበቃ፣ ፎቶዎቹ አንጀቷ ከመበሳቱ በፊት የተነሱ ስለሆኑ ሴትዮዋ እንደዳነች ትቆጠራለች አለው። የጎደሉት ከምርመራው በፊት ስለነበሩት ቀናት ልትጠየቅ የሚገባት፣ መልሳቸው በነጥብ የሚመዘን ሦስት ጥያቄዎች ብቻ ናቸው። ዶክተሩ ቱቦውን ለማስገባት ሲጣደፍ ሳይጠይቃት ቀርቷል። አሁንም ቢሆን ራሷን ካወቀች መጠየቅ ይቻላል።

ራሷን ባወቀች ማግስት ሄደ። ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ብርድ ልብሱ ከረጢቱ ላይ ጎብጧል። አልጋው ጋ ሲደርስ እሷ ቀደመችው፤ እጁንም ያዘችው።

«አይጨነቁ» አለችው። «ለእርስዎ መሆኑን አውቄ ነው የመጣሁት፤ ነርሷ አስቀድማ ነግራኛለች። ያን የሚያህል ሰው ቆመው ሲንገዳገዱ አንጀቴን በሉት።»

ምን የተሰማው ይመስላችኋል? እፍረት እንዳትሉኝ። እፎይ ነው ያለው። ታውቅ ከነበረማ አላታለልኳትም ብሎ ደረቱ ቀለለው። አይ ሰው! ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እጁን ከእጇ ቀስ አድርጎ አስለቀቀ፤ ሊጽፍበት ፈልጎት ነው።

«ከምርመራው በፊት በነበሩት ቀናት» አላት፣ «በቀን ስንት ጊዜ ሽንት ቤት ትሄጂ ነበር?»

መጀመሪያ አልገባትም። ፊቱን አየች፣ ቀጥላም እስክሪብቶውን አየች።

«አንዴ» አለች።

«ደም ነበረው?»

«አልነበረውም።»

«በጠቅላላው ጤንነትሽ እንዴት ነበር?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መልስ እስክትሰጠው ጠበቃት፤ በመጠበቅ የሚያህለው የለም።

«በጣም ደህና ነበርኩ» አለች።

በዚህ መለኪያ ዜሮ ማለት ድኗል ማለት ነው። ለሦስቱም ዜሮ ጻፈና አመስግኗት ወጣ።