የምሽት ሴቪቼ

ኦዲሊያ የሥነ ጥበብ ማስተርሷን ይዛ ከማድሪድ ወደ ሊማ ከተመለሰች ስምንት ወሯ ነው። በባራንኮ ሰፈር ሥራ ፍለጋ ያልረገጠችው ጋለሪ የለም፤ የሰፈሩ ውሾች እንኳ የትምህርት ማስረጃዋን በቃላቸው ይወጡታል። ጥበብ ተብሎ ያየችው ጉድ ተነግሮ አያልቅም። ፀጉር የሞላበት መታጠቢያ ገንዳ፣ በጠርሙስ የታሸገ የሰባት ሰው ትፋት፣ አንድ ሰውዬ አርባ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሲያስነጥስ የሚያሳይ ፊልም። በሁሉም ፊት ቆማ «ጥልቅ ነው» ብላለች፤ ባለች ቁጥር ምላሷ የሚሻግት ይመስላታል። ዛሬም ካልተሳካላት ሰኞ ጠዋት አክስቷ ኤርሜሊንዳ ዘንድ፣ ገበያ ውስጥ የዓሣ ቅርፊት ልትፍቅ ቃል ገብታለች።

የመጨረሻው ጋለሪ ባለቤት ዶን ባልታሳር ከእግር እስከ ራሷ ገረመማት።

«ዛሬ እንግዳ አስተናግጂልኝ። ካወቅሽበት ሥራው ያንቺ ነው።»

ለዕለቱ የቀረበው የጥበብ ሥራ ሴቪቼ ነበር። አርቲስቱ ጠዋት የከተፈውን ጥሬ ዓሣ ሎሚ ጨምቆበት ቀኑን ሙሉ መብራት ሥር አስጥቶታል፤ እንግዳው ካልበላለት ሥራው አይሞላም። አሁን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሆኗል። ሊማ ውስጥ ከምሳ ወዲያ ሴቪቼ የሚበላ ወይ ቱሪስት ነው፣ ወይ ሞት ያማረው። ሽታው የፓስፊክን ውቅያኖስ ሦስት ክንድ ያሸሻል። እንግዶቹ ሁሉ የሊማ ልጆች ናቸው፤ ግን ማን ደፍሮ «አልበላም» ይበል? እንባቸውን እያበሱ ይውጣሉ። አንዲት ወይዘሮማ ድርሻዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«እንዴት አገኘሽው?» አላት ዶን ባልታሳር ኦዲሊያን።

«ጥልቅ ነው» አለች ትንፋሿን ይዛ።

«ግሩም! ሰኞ ጀምሪ።»

ይሄኔ ኤርሜሊንዳ የልጅቷ ነገር ምን ላይ እንደደረሰ ልታይ፣ የቅዳሴ ልብሷን ለብሳ ገባች።

«ለእሳቸውም አቅርቢላቸው እንጂ!» አለ ሰውዬው።

ኦዲሊያ ሳህኑን አቀበለቻት። ኤርሜሊንዳ አንዴ ብቻ አሸተተችው።

«ይሄን ለድመት ብትሰጪያት ፖሊስ ትጠራብሻለች!»

«አክስቴ፣ በናትሽ ቀስ በይ። ሥራውን አግኝቻለሁ።»

«በማርያም በይ!» ፊቷ በራ። ቀና ስትል ዶን ባልታሳር ሳህኑን በዓይኑ ጠቆማት። «ለአንቺ ስል ድንጋይም እውጣለሁ፣ የኔ ልጅ» አለችና ሹካውን አነሳች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያደረ ዓሣ ለጠላቷ እንኳ ሸጣ የማታውቅ ሴት አፏን ከፈተች።

ኦዲሊያ ሹካውን ከአፏ ደጃፍ ላይ ነጠቀቻት።

«አትብዪው! ገምቷል!»

የአዳራሹ መንጋጋ ሁሉ ባንዴ ቆመ። አንድ ሽማግሌ መሐረቡ ላይ እንትፍ አለ፤ ሌላውም ተከተለው፤ ወዲያው ቤቱ የትፋት ዝናብ ዘነበበት።

«ሥራውን ገደልሽብኝ! ውጪልኝ!» አለ ዶን ባልታሳር።

«ሬሳ አይገደልም፣ ጌታው» አለችው ኤርሜሊንዳ፣ የልጅቷን ክንድ ይዛ እየወጣች።

መንገድ ላይ ግን እሷው ራሷ ተቆጣች። «አንቺ ጅል! አንዲት ጉርሻ ምን ታደርገኝ ነበር? ሁለት ቀን ቢያመኝ ነው! እንጀራሽን እኮ ነው የደፋሽው!»

ኦዲሊያ አንዲት ቁራጭ እንኳ ሳትቀምስ፣ ግድግዳ ተደግፋ አንጀቷ እስኪገለበጥ አስመለሰች።

ኤርሜሊንዳ ቁጣዋን ትታ ግንባሯን ያዘችላት።

«ይውጣልሽ፣ ሁሉም ይውጣልሽ።»