የአጋዘን አደን በተከፈተበት ቅዳሜ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። የፀጉር ያህል ቅጥፈት ከተገኘበት ምላሴ ይቆረጥ። በሰሜን ሚኒሶታ፣ በታማራክ ከተማ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አላውቅም የሚል ካለ ያን ቀን ሞቶ ነበር ማለት ነው።

ቨርሊን ስካርፕ የታማራክ ኮሌጅ የስፖርት ዳይሬክተር ነበር። ዳይሬክተር ሲባል ወንበር የሚያሞቅ እንዳይመስላችሁ! የተጫዋች ካልሲ ከማጠብ ተነስቶ፣ ትግል አሰልጥኖ፣ ሜዳ በገዛ እጁ አጭዶ ነው እዚያ የደረሰው። በሠላሳ ዓመት አርባ አሰልጣኝ ቀጥሮ ሠላሳ ዘጠኙን አባሯል። የቀረው የፉትቦሉ አሰልጣኝ ሩዲ ማኪ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ጆሮው ስለማይሰማ፣ ሲባረር አልሰማም። ፉትቦል የምላችሁ ኳሱን በእጅ ታቅፈው በትከሻ የሚላተሙበትን ነው።

ይህ ሁሉ ጀግንነት በአንድ ስልክ ገደል አፋፍ ደረሰ። በጋ ላይ የጎረቤት ኮሌጅ ዳይሬክተር ደወለና፣ “የዓመቱን መዝጊያ ጨዋታ በኖቬምበር የመጀመሪያዋ ቅዳሜ እናድርገው?” አለው። ቨርሊን ሳንድዊቹን እያላመጠ “ይሁን” አለ። አለቀ፤ ተፈረመ።

በዚያ አገር ማቀዝቀዣ በር ላይ የአደን ካላንደር ያልለጠፈ ቤት የለም። ቨርሊን ግን አያድንም። በልጅነቱ የተኮሰው ጠመንጃ ወደ ኋላ ረግጦት ሦስት እርሻ አሻግሮ ጥሎታል። የእሱ ማቀዝቀዣ ላይ ያለው የቅርጫት ኳስ መርሐ ግብር ነው። እናም ያቺ ቅዳሜ የአጋዘን አደን የሚከፈትባት ቀን መሆኗን አላየም። በዚያች ቀን ሰርግ አይደገስም፤ ሬሳ እንኳ እስከ ሰኞ ይታገሣል።

ሴፕቴምበር ላይ አዲሷ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዶክተር ኮንስታንስ ፕራት አስጠራችው።

“አቶ ስካርፕ፣ በትናንቱ ጨዋታ ከተመልካቹ ተጫዋቹ ይበዛ ነበር።”

“ብርዱ ነው ዶክተር።”

“እኔ በሸሚዝ ነው የተቀመጥኩት” አለችው። “በመዝጊያው ጨዋታ ሁለት ሺህ ሰው ካልገባ፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮዎን ያስረክባሉ። ቦርዱም ተስማምቷል።”

ቨርሊን ደረጃውን ሲወርድ ሩዲን አገኘው።

“አለቃ፣ የኖቬምበሩን ቀን ማን ነው የያዘው?”

“እኔ ነኝ።”

“ከማን ተጣልተህ?”

“ምን ሆነ?”

“አደን የሚከፈትበት ቀን ነዋ! እኔ ራሴ አሰልጣኝ ባልሆን አልመጣም።”

ቨርሊን ወዲያው ለጎረቤቱ ዳይሬክተር ደወለ፤ ዳኞች ተመድበዋል፣ ቀን አይቀየርም ተባለ። የጨጓራ ክኒን እንደ ኦቾሎኒ ይቆረጥም ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ መዝሙሩን ትቶ ወንበሮቹን ይቆጥራል። በሁለት ወር ውስጥ አርባ ኪሎ ቀነሰ፤ ቀበቶው ወገቡን ሁለት ጊዜ ይዞረው ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ሐሳብ መጣለት። የታማራክ አዳኝ የገደለውን አጋዘን ቤቱ ይዞ አይገባም፤ መጀመሪያ ከተማው መሃል በቆመው ረጅም አግዳሚ እንጨት ላይ ይሰቅለዋል፣ ጎረቤት የቀንዱን ቅርንጫፎች ቆጥሮ እንዲቀና። ቨርሊን ከንቲባውን እግሩ ላይ ወድቆ ለምኖ እንጨቱን ስታዲየሙ አጥር ሥር አስተከለው። በሬዲዮም አስነገረ፦ የቀንድ ልኬቱ ጨዋታው ዕረፍት ሲወጣ ነው፤ አሸናፊው ሜዳው መሃል ይጨበጨብለታል!

ሠላሳ ዓመት ትኬት የቆረጠችው አርዲስ ኮይቪስቶ ይህን ሰምታ መጣች። አርዲስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

“ቨርሊን፣ ሰው ለጭብጨባ ብሎ ከጫካ ይወጣል?”

“ይወጣል።”

“ባይወጣስ?”

ቨርሊን ክኒን ቆረጠመ።

ቅዳሜ ደረሰ። ጨዋታው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። አምስት ሰዓት ሆነ፤ ማንም የለም። ስድስት ሆነ፤ አንድ ቁራ መጥቶ አየና ሄደ። ከጫካው ተኩስ ይሰማል፤ በእያንዳንዱ ጥይት ቨርሊን አንድ ተመልካች እንደተገደለበት ይሸማቀቃል። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ መንገዱ ላይ ተተከለ።

“አለቃ፣ ግባ፣ ትበርዳለህ!” አለው ሩዲ።

“ትንሽ ቆይ። አቧራ አይቻለሁ።”

“በረዶ ላይ ምን አቧራ አለ?”

ነበረ እንጂ! ለሰባት ሩብ ጉዳይ ሲል ምድር ተንቀጠቀጠች። በስተሰሜን ያለው ጫካ በሙሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ብርቱካንማ የአደን ጃኬት የለበሰ ሰው የጫኑ መኪኖች፣ ተሰልፈው ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር! ሁለት ሺህ ሰው የሚይዘው ስታዲየም ስምንት ሺህ ዋጠ፤ የተረፈው ጣሪያ ላይ ወጣ። እንጨቱ ላይ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አጋዘን ተሰቀለ፤ ከክብደቱ የተነሳ እንደ ቀስት ጎበጠ። ቨርሊን ቁራሽ ሳቅ ለመሳቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ ረስቶት ነበር።

ታማራክ በአራት ነጥብ እየተመራ ስድስት ሰከንድ ሲቀር፣ ከተሰቀሉት አጋዘኖች አንዱ፣ ባለ ሃያ ቅርንጫፍ ቀንዱ፣ ለካ አልሞተም! ገመዱን በጥሶ ሜዳው ላይ ፈረጠጠ። የእንግዳው ቡድን ተከላካዮች ሁሉም የአዳኝ ልጆች ናቸው፤ ኳሱን ትተው ቀንዱን ይቆጥሩ ጀመር። የእኛ ልጅ በመሃላቸው ሮጦ መስመሩን አለፈ፤ ስድስት ነጥብ፣ አሸነፍን! ጩኸቱ ካናዳ ድረስ ተሰማ።

ሰኞ ጠዋት ቦርዱ ተሰበሰበ። ቨርሊን ይህንኑ አንድ በአንድ ተናገረ። ዶክተር ፕራት ቅዳሜ እናቷ ዘንድ ስለነበረች ጨዋታውን አላየችም። ሁሉንም ሰምታ ለምስክርነት ወደተጠራችው አርዲስ ዞረች።

“ወይዘሮ ኮይቪስቶ፣ በሩ ላይ እርስዎ ነበሩ። ስንት ሰው ገባ?”

አርዲስ ቨርሊንን አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች፦

“አርባ ሦስት። አሥራ ሁለቱ የእንግዶቹ ወላጆች ናቸው። እንጨቱ ላይ የተሰቀለ ነገር አልነበረም፤ ጨዋታውንም ተሸንፈናል። ቨርሊን እስከ ፊሽካው ድረስ መንገዱ ላይ ቆሞ ነበር። ሁለት ጊዜ ሾርባ ወሰድኩለት፤ አልጠጣም።”