ለእትዬ ካምቢዮ የተገዛው ዘይት

ሰው ስለ እህቱ ሲያወራ ያጋንናል ትላላችሁ። ማጋነን ብፈልግ እንኳ እትዬ ቦታ አትተውልኝም። አዋላጅ ነርስ ናት። ከከተማችን በላይ ያለው ተራራ ላይ ሴት ምጥ ሲይዛት የሚደወለው ለእሷ ነው። በዚያች አሮጌ ፎርዊል መኪናዋ ወጥታ እናትየዋን ይዛ ትወርዳለች። ያንን መንገድ የሚደፍር ሌላ መኪና አለ? የለም። የሚደፍር ሌላ ሹፌርስ? እሱም የለም።

አንድ ቀን ጋራዤ መጣችና ሞተሩን አጥፍታ ከመሪው ሳትነሳ "እሳቱ!" ብላ ጠራችኝ። ቶሎ ስለምነድ ነው ስሙን ያወጣችልኝ።

"ምን ሆንሽ?"

"የቀኝ ትከሻዬ ነገር አልሆነልኝም። ጠዋት በብርዱ ማርሹ ድንጋይ ይሆንብኛል። ትናንት ኩርባው ላይ ሁለተኛ ማርሽ አልገባ ቢለኝ መሪውን ለቅቄ በግራ እጄ አገዝኩት። አጠገቤ ምጥ የያዛት ሴት ነበረች።"

ያንን ኩርባ አውቀዋለሁ። ጎኑ ገደል ነው።

"ማንም አላየኝም" አለች። "እኔ ግን ራሴን አየሁት። ከእንግዲህ ወዲህ መሪ አልለቅም። ወይ ማርሹ በዚህ እጄ ይገባል፣ ወይ ቁልፉን ላንተ አስረክቤ ቁጭ እላለሁ።"

እስቲ ማን ነው እንዲህ የሚል? ስንቱን ሹፌር አውቃለሁ፤ መኪና ገልብጦ እንኳ ጥፋቱን ለመንገዱ የሚሰጥ። እሷ ማንም ያላየውን ይዛ መጣች። ግን ልደብቃችሁ አልችልም፣ ደስም አለኝ። ተይ በቃሽ ስላት የኖርኩት ነገር በራሷ አፍ መጣ። ቁልፉን ልቀበል እጄን ስዘረጋ ምን ብትል ጥሩ ነው?

"መጀመሪያ ግን ሲንተቲክ የሚሉትን ዘይት ሙላልኝ። እሱ በብርድ አይወፍርም፤ ማርሹን ያቀለዋል ሲባል አንብቤያለሁ።"

ነደድኩ። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ! እትዬ፣ ይቺ መኪና አርጅታለች! ዘይቷን አፍኖ የሚይዘው ጎማ ሁሉ ደርቋል። አሁን የያዘላት የቆየው ቆሻሻ ነው። ሲንተቲክ ያንን አጥቦ ያወርደዋል፤ ከዚያ በየቀዳዳው ስታለቅስ ታያታለሽ!"

"ካለቀሰች እናባብላታለን" አለች።

ከእሷ ጋር ክርክር እንዲህ ነው። እሺ አልኩ። ነገ የማርሹን ሣጥን ካምቢዮውን፣ የፊትና የኋላ ጎማ የሚያዞሩትን ሁለት ዲፈረንሻሎች፣ ሁሉንም ገልብጬ ልሙላልሽና እንገላገል ስላት ደግሞ እሱንም እንቢ አለች።

"ለአንዲት በሽተኛ ሦስት መድኃኒት ባንዴ ሰጥቼ ብትታመምብኝ የትኛው እንደጎዳት በምን አውቃለሁ? አንዱን ስጥ፣ ጠብቅ፣ እይ። ከዚያ ሌላውን።"

እኔ ይህን ያህል ዘመን ጋራዥ ከፍቼ እንዲህ ሠርቼ አላውቅም፤ ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀ ማን ያስታግሣል? እሷ ግን ከኋላው ዲፈረንሻል አስጀመረችኝ። ማታ ማታ ንጹሕ ካርቶን ከሥሩ ታነጥፋለች። ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት መጥታ መነጽሯን አድርጋ ትንበረከክና የወለደች ሴት አንሶላ እንደምታይ አድርጋ ካርቶኑን ታያለች። እስከዚያው ስልክ ከተደወለ፣ ከመውጣቷ በፊት ማርሹ እስኪላላ ድረስ ሜዳው ግቢ ውስጥ ትዞራለች። እየዞረች ዓይኗ ተራራው ላይ ነው። ምጥ የያዛት ሴት እዚያ ላይ እየጠበቀቻት መሆኑን ሳስበው የእኔም አንጀት ይቃጠል ነበር።

አንድ ጠዋት ካርቶኑ ላይ የዘይት ጠብታ ተገኘ።

"አላልኩም? አላልኩም እትዬ?"

"ብለሃል፣ አንተ ሊቅ። በል ዘይት መያዣውን ጎማ ቀይርና ቀጥል።"

ቀየርኩ። ካርቶኑ ነጣ። የፊቱም ዲፈረንሻል ተሞልቶ ደረቅ ሆኖ አደረ። የቀረው ዋናው፣ ካምቢዮው ነበር።

የካምቢዮውን ልገዛ ስሄድ ዘይት ሻጩ ለዲፈረንሻል የገዛሁትን ዓይነት ደገመና "ያው ነው፣ ሁሉም ሲንተቲክ ነው" አለኝ። ያው ነው? ሱቁን በጩኸት ሞላሁት! የአሮጌ ካምቢዮ ውስጥ የነሐስ ቀለበቶች አሉ፤ ለዲፈረንሻል የሚሆነው ኃይለኛ ዘይት ነሐሱን ቀስ እያለ ይበላዋል። ነሐስ የማይጎዳውን እስኪያወጣልኝ ድረስ አልወጣሁም። መንገድ ላይ ነው ትዝ ያለኝ፤ እህቴ መንዳት እንድታቆም የምፈልገው ሰውዬ ለዘይቷ ተጣልቼ መውጣቴ።

ከመኪናው ሥር ገባሁ። የካምቢዮ ወግ መሙያውን ቡሎን ሳይፈቱ ማፍሰሻውን አለመንካት ነው፤ አፍስሰህ መሙያው እንቢ ካለህ ባዶ ካምቢዮ ታቅፈህ ትቀራለህ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይኸው ነው። መሙያውን ያዝኩት። እንቢ! በመፍቻ ብል፣ በመዶሻ ብል፣ ወይ ፍንክች! ከዝገቱ ጋር አንድ ሆኗል።

ያኔ ልቤ ተወው አለኝ። አልተፈታም ብላት ማን ያውቃል? እህቴ ቤቷ ትቀመጣለች፣ እኔም ስልክ በተደወለ ቁጥር አልሞትም። "አይፈታም" ልል አፌን ስከፍት፣ መብራቱን ይዛ ከጎኔ ገብታለች፤ በዚያ በታመመ ትከሻዋ መሬት ላይ ተጋድማ።

"እየታገልከው እኮ ነው" አለች። "ምጥ ላይ ያለን ነገር አትጎትት። ሙቀት ስጠውና ጠብቅ።"

ዙሪያውን በእሳት አሞቅኩት። ጠበቅን። እንደገና መፍቻውን ስይዝ ቋ አለና ዞረ። ማፍሰሻውን ስፈታ የወረደው አሮጌ ዘይት የረጋ ማር ይመስል ነበር። እትዬ አየችውና "ይኼንን ነው ስገፋ የኖርኩት?" አለች። ትከሻዋን ሳየው አፈርኩ።

አዲሱ ገባ። ካርቶኑ ሁለት ሌሊት ነጭ ሆኖ አደረ። እዚህ ጋራዥ ውስጥ ሞክሪው ስላት ግን ሳቀች። "ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ ምን ፈተና አለ? ውጭ ትደር።" መኪናዋ ውጭ አደረች፤ ያውም በዚያ ወቅት ብርድ።

ጎህ ሲቀድ ብመጣ መስታወቱን አመዳይ ሸፍኖታል፤ እትዬ ቦርሳዋን አንጠልጥላ እየፋቀችው ነው።

"ተደውሏል" አለችኝ። "ምጥ የያዛት ልጅ እግር ናት፤ የመጀመሪያ ወሊዷ ነው። ልጅቷ ፈርታለች።"

ገብታ አስነሳች። ፍሪሲዮኑን ረገጠች። እኔ መስኮቱ ላይ ተደፍቼ የማየው ግራ እጇን ነበር። ከመሪው አልተነሳም። ቀኟ ማርሹን ገፋው፤ አንደኛ ገባ። ግቢውን ስትዞር ሁለተኛ ገባ። አወጣችና ደግማ አስገባችው፤ አላመነችውም መሰለኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስታስገባው ፊቷ እንደ ሕፃን በራ።

"ገባ!" ብዬ ጮህኩ። ቁልፍ ልቀበል የመጣሁት ሰውዬ የምጨፍረው ነገር! ወዲያው ደግሞ ኩርባው ታየኝ። ዞሬ ጋቢናውን ከፍቼ ገባሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ወዴት ነው?"

"አብሬሽ ልውጣ። ምናልባት ኩርባው ላይ... እጄን ብቻ ማርሹ ላይ አደርጋለሁ፣ አልናገርሽም።"

አየችኝ። ትቆጣለች ስል ፊቷ ለሰለሰ። ከኋላዋ የታጠፈው አልጋና የመድኃኒት ሣጥኑ እስከ ጣሪያ ሞልተዋል፤ ባዶው ወንበር እኔ የተቀመጥኩበት ብቻ ነው።

"ወንድም ዓለም" አለችኝ፤ እንዲህ ብላ የጠራችኝ እናታችን ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። "ውረድ። አንተ እዚህ ከተቀመጥክ ልጅቷን የት ላስቀምጣት?"

ወረድኩ። ያ በር ከውጭ ካልተገፋ አይዘጋም፤ ገፋሁላት፣ ሄደች።