ብረት የማይገባበት ክፍል

"አውጡኝ! አውጡኝ!"

ልጅቷ የጮኸችው ገና እስከ ትከሻዋ ማሽኑ ውስጥ እንደገባች ነው። እናት ከወንበሯ ተስፈንጥራ ስትነሳ ቦርሳዋ ወድቆ መቀሱ፣ ክሩ፣ ሜትሩ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ልብስ ሰፊ ናትና ቦርሳዋ ግማሽ ሱቅ ነው።

አልጋው ወዲያው ተንሸራትቶ ወጣ።

"አይዞሽ፣ ይሄ መለማመጃው ነው" አለ ማሽን አንቀሳቃሹ ረጋ ብሎ። "ፕላስቲክና ድምፅ ማጉያ ብቻ። የአንጎል ሥዕል የሚያነሳው ዋናው ማሽን ከዚያ በር ጀርባ ነው። ካልፈለግሽም ቀረ፤ ማንም አያስገድድሽም።"

ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከወራት በፊት ዝም አለች። በሯን ዘግታ መዋል፣ ምግብ መግፋት፣ "ምን ሆንሽ?" ሲሏት "ምንም"። ወደዚህ፣ የአፍላ ወጣቶችን የአእምሮ ጤና ወደሚያጠኑ ሰዎች የላከቻቸው የትምህርት ቤቱ አማካሪ ናት። ልጅቷ በጥናቱ ልሳተፍ ስትል እናት ደስ ያላት ለሌላ ነገር ነበር። ማሽኑ የልጄን ሆድ ገልጦ ያሳየኛል ብላ ነው።

ልጅቷ ፊቷን ልትታጠብ ወጣች። ስልኳን ገና ሲገቡ ለእናቷ ሰጥታለች። እናት የመክፈቻ ቁጥሩን ታውቀዋለች፤ አንድ ቀን ከጀርባዋ ሆና አሾልቃ አይታለች። እስካሁን ግን ከእጇ ገብቶ አያውቅም ነበር።

ረፋዱን ሙሉ ከልጅቷ ጋር በር ዘግታ ለጥናቱ ስትጠይቃት የቆየችውን ወጣት ጠያቂ፣ እናት ክንዷን ያዘቻት።

"የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ብቻ። ምን አለችሽ?"

"እትዬ፣ እሱን አልነግርዎትም።"

"እናቷ እኮ ነኝ! ዘጠኝ ወር የተሸከምኳት እኔ፣ ሆዷን የምትሰሚው አንቺ?"

ጠያቂዋ አልተቆጣችም። "ሕይወቷን የሚያሰጋ ነገር ብሰማ ኖሮ ወዲያው እነግርዎት ነበር። ይህንንም አስቀድሜ ነግሬያታለሁ። የቀረው ግን የእሷ ነው። የነገረችኝ እንደማላወጣው አምና ነው።"

"ለእኛም አትተነፍስም" አለ አንቀሳቃሹ ከወዲያ። "ምሳ ምን በላሽ ቢሏት እንኳ ሆድ ይፍጀው ነው መልሷ።"

እናት እፎይ አለች። አንድ ትልቅ ድንጋይ ከደረቷ ወርዷል። ትናንሾቹ ግን አሉ፤ ስልኩም መዳፏ ውስጥ ሞቋል።

ልጅቷ ፊቷ እንደረጠበ ተመለሰች። የቤተ ሙከራው ኃላፊ፣ ጸጉራቸው የሸበተው ሴት ዶክተር፣ መጥተው ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጡ።

"እኔ መጀመሪያ ስገባ ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ? አውጡኝ ለማለት የሚጨመቀውን መጥሪያ ስጨምቀው ልሰብረው ነበር።"

"ሸሽተው ሲወጡ አንድ ጫማቸው እዚያው ቀረ" አለ አንቀሳቃሹ። "እዚህ ቤት ራሱ ያልተኛበት ሰው ልጅ አያስተኛም። ሁላችንም ገብተናል። ይቺ ሚስጥረኛዋ ደግሞ እንቅልፍ ወስዷት አንኮራፋች!"

"ውሸቱን ነው!" አለች ጠያቂዋ።

ልጅቷ ሳቀች። እናት ደርቃ ቀረች። ይህ ሳቅ ጠፍቶ ከቤቷ ከወጣ ስንት ጊዜው! እንዳይሸሽባት ፈርታ ዞር አልል አለች።

"ያ ግድግዳው ላይ ያለው የኔ አንጎል ነው" አሉ ዶክተሯ።

እናት ቀረብ ብላ አየችው። ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ሸንሽናለች፤ እንዲህ ያለ ሽንሽን ግን አይታ አታውቅም። እጥፍ በእጥፍ ላይ፣ ምንም ሳይተርፍ፣ ምንም ሳይጎድል።

"ይህን ሁሉ ማን ሸነሸነው?" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ቀጥላም "ዶክተር፣ ሐዘኑ የቱ ጋ ነው?"

"እሱን ነው የምንፈልገው። ከአንድ ልጅ ሥዕል አይነበብም። የብዙ ልጆች ሲደመር ነው ፍንጩ ቀስ ብሎ የሚታየን። እኔም ስፈልግ ሸበትኩ።"

እናት ዙሪያዋን አየች። እኚህ የተማሩ ሴት አላውቅም ሲሉ አላፈሩም። ያ ሁሉ ማሽን፣ ያ ሁሉ ሰው የአንዲት ልጅ ትንፋሽ እስኪረጋ ቆሞ ይጠብቃል፤ ቶሎ በይ ያላት የለም። እሷ ግን ቤት ውስጥ ከልጇ ክፍል በር ውጭ ቆማ፣ እያለቀሰች፣ ስንት ጊዜ ንገሪኝ ብላለች!

"ዋናውን ልግባ" አለች ልጅቷ። ከዚያ አንገቷን ደፍታ፣ "ግን እማዬ እግሬን ትያዝልኝ።"

"ይቻላል" አለ አንቀሳቃሹ። "ብቻ ማሽኑ ኃይለኛ ማግኔት ስለሆነ ብረት አይገባም።" መፈተሻውን ወደ እናት አንገት ቢያስጠጋው ጮኸ። ከኮሌታዋ አንድ እስፒል ነቀለች። እንደገና ጮኸ። ከእጅጌዋ ሌላ፣ ከደረቷ ሌላ።

"እትዬ፣ ጃርት ነዎት እንዴ?"

ልጅቷ ሆዷን ይዛ እየሳቀች ወደ ውስጥ ገባች።

ያኔ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። መልእክት ነው። እናት ፈራሁ ብላ ውጭ ብትቀመጥ ልጅቷ እስክትወጣ የልቧን ታነባለች፤ ማንም አያያትም። አውራ ጣቷ መስታወቱ ላይ ቆመ።

ከውስጥ "እማዬ?" የሚል ድምፅ መጣ።

ስልኩን በፊቱ ደፍታ ከመቀሱና ከእስፒሎቹ ጋር በሩ አጠገብ ባለው የዕቃ ሣጥን ውስጥ አኖረችው፤ ቆለፈችና ቁልፉን ለጠያቂዋ ዘረጋችላት።

"አንቺ ዘንድ ይሁን። ስትወጣ ለእሷ ስጪያት።"

"ለእርስዎ ብሰጥዎ አይሻልም?"

"የለም፤ ለእሷ" አለችና ገብታ፣ ቀዝቃዛውን እግር በሁለት እጇ ያዘች።